ትራውት ማባበያውን ተከትሎ ለምን ይመለሳል? ስለ ማባበያ ምርጫና አጠቃቀም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በኮሎራዶ፣ በአውሮራ ከተማ ይኖራሉ። ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ለማጥመድ 30 ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ሰው ሠራሽ ማባበያዎች የያዘ ሣጥን ገዝተዋል፤ ከማጥመጃ ዘንጉ ጋር አብሮ የመጣው ክር 12 ፓውንድ የሚል፣ ሳይበጠስ የሚችለውን ክብደት የሚያመለክት ጽሑፍ አለበት። በአውሮራ ማጠራቀሚያ ሐይቅና በሞሪሰን በኩል በሚወርደው በቤር ክሪክ ሞክረዋል፤ ዓሦቹ ግን ማባበያውን እስከ ዳር ድረስ ተከትለው ሳይነክሱ ይመለሳሉ። ስለዚህ የትኛው ቀለም እንደሚሻል፣ ማባበያውን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ፣ ወደ ባሌ ሲሄዱም ይኸው ዕቃ ያገለግልዎት እንደሆነ ጠይቀዋል።

ዓሣው መከተሉ በራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። የቆሙበት ቦታ ዓሣ ያለበት ነው፤ ማባበያውም ታይቷል፤ ዓሣውን ከተኛበት አስነሥቶ ለማስከተል የሚበቃ ነገርም አለው። የጎደለው ዓሣው እንዲነክስ የሚያስገድደው ነው፤ ይህ ደግሞ ከቀለም የሚመጣው እምብዛም ነው። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ጥልቀት፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ከዚያ የማባበያው መጠን፣ ከዚያም የክሩ ውፍረት ሲሆን፣ ቀለም የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት 30 ማባበያዎች በቀለም የተለያዩ፣ በክብደትና በሚወርዱበት ጥልቀት ግን ተመሳሳይ ከሆኑ፣ በእጅዎ ያለው አንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከዓሣው ጠባይ መነሣት ይሻላል። ትራውት የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ እንስሳ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ምግብ የሚፈጨው ቀስ ብሎ ነው፤ ሩቅ መሄድም አይፈልግም። በደንብ የሚመገበው ውኃው በግምት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጊዜ ነው። በወንዝ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ይቆማል፤ የሚመርጠውም ቦታ ፈጣኑና ዘገምተኛው ውኃ የሚጎራበቱበት ነው፤ ምክንያቱም በዘገምተኛው ውስጥ ጉልበቱን ቆጥቦ በፈጣኑ ላይ የሚያልፈውን ምግብ መንጠቅ ይችላል። በጎኑና በጎኑ ባለው የስሜት መስመር በቅርብ ያለ የውኃ ንዝረትን ይሰማል፤ ስለዚህ ማባበያውን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ትናንሽ ዓሦችን በሚያድንበት ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚያጠቃው የተጎዳውን ወይም የሚሸሸውን ነው። ፊንላንዳዊው ዓሣ አጥማጅ ላውሪ ራፓላ ይህንኑ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ከቡሽ በቢላዋ የቀረጻትን፣ እየተንገዳገደች የምትዋኝ የትንሽ ዓሣ አምሳያ ሠራ፤ ላይዋንም በቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀትና በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ሸፈነው። ዛሬም በስሙ የሚሸጡት ማባበያዎች የሚያጠምዱት በዚያች መንገዳገድ ኃይል ነው።

ከማባበያው በፊት ክሩን ይለውጡ። 12 ፓውንድ የሚል ክር ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው፤ 3 ግራም የምትመዝን ማባበያ ወፍራም ክር ይዛ ሩቅ አትወረወርም፣ ክሩም በውኃው ግፊት እየተገፋ ማባበያዋን ከሚገባት ጥልቀት በላይ ያነሣታል። በአውሮራ ሐይቅና በቤር ክሪክ ውኃ ጥራት ደግሞ ዓሣው ክሩን በቀላሉ ያየዋል። 4 ፓውንድ ወይም ቢበዛ 6 ፓውንድ የሆነ ክር፣ ከ1.7 እስከ 2 ሜትር ርዝመት ያለው በጣም ቀላል ዘንግና 1000 የሚል ቁጥር ያለው ትንሽ ማጠንጠኛ ይበቃል። ቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ ይበጥሳል ብለው አይፍሩ፤ የማጠንጠኛው መልቀቂያ ዓሣው ሲጎትት ክሩን እንዲለቅ ተደርጎ ከተስተካከለ፣ ዘንጉና መልቀቂያው ድንጋጤውን ይሸከሙታል። ቋጠሮ ሲቋጥሩ ክሩን በራሱ ላይ 5 ጊዜ ጠምዝዘው፣ በምራቅ አርሰው ቀስ ብለው ያጥብቁ፤ በደረቁ የተሳበ ቋጠሮ ክሩን ያሞቀውና ያዳክመዋል። ድንጋይ ላይ ከተፋተገ በኋላም የክሩን ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ሻካራ ሆኖ ካገኙት ቆርጠው እንደገና ይቋጥሩ።

አሁን ወደ ማባበያዎቹ እንምጣ። አንድ ዓይነት ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው ስፒነር ነው። ስፒነር በቀጭን የሽቦ ዘንግ ዙሪያ የምትሽከረከር የብረት ቅጠል ያላት ናት፤ ቅጠሏ ብልጭታና ንዝረት በአንድነት ስለምትሰጥ ዓሣውን በዓይኑም በስሜት መስመሩም ትጠራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1938 በፈረንሳይ የተመሠረተው ሜፕስ የሚሠራቸው አግሊያ የሚባሉት ስፒነሮች በቁጥር ይለያሉ፤ ለቤር ክሪክ ያህል ትንሽ ወንዝ ቁጥር 0 እና ቁጥር 1፣ ለሰፊ ወንዝና ለሐይቅ ዳር ቁጥር 2 ይሆናሉ። ቁጥር 1 የሚመዝነው 1/8 አውንስ ማለትም 3.5 ግራም ያህል ነው። ፓንተር ማርቲን የሚባለው ስፒነር ደግሞ ሽቦው በራሱ በቅጠሉ መካከል ስለሚያልፍ ቅጠሉ በጣም በዝግታ ሲጎተት እንኳ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ውኃው በቀዘቀዘበት ወራት እርሱን አስቀድማለሁ። የሁለቱን አሠራር በእጅዎ ይዘው ቢያነጻጽሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል።

ስፒነር አንድ ችግር አለው፤ ክሩን እንደ እንዝርት ያጠማዝዘዋል። ስለዚህ ከማባበያው በላይ 50 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ማያያዣ፣ ማለትም ስዊቭል፣ ያስገቡ። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ትልቅና የሚከፈት ማያያዣ በቀጥታ በማባበያው አፍንጫ ላይ ማሰር ግን ለቀላል ስፒነር ክብደት ስለሚጨምርበት አልመክርም።

ሁለተኛው ስፑን የሚባለው፣ የማንኪያ ቅርጽ ያለው ብረት ነው። ጁሊዮ ቡኤል የተባለ የቬርሞንት ሰው እ.ኤ.አ. በ1852 ለዚህ ዓይነት ማባበያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ስፑን ከስፒነር ይልቅ ሩቅ ይወረወራል፣ ፈጥኖም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ዋና ቦታው ሐይቅና ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ወንዝ ነው። ካስትማስተር የሚባለው በ1/8 እና በ1/4 አውንስ መጠኑ በአውሮራ ሐይቅ ዳር ላይ ቆመው ሩቅ ለመድረስ ይጠቅምዎታል። ስፑን በትክክል የሚሠራው ሲወዛወዝ እንጂ ሲሽከረከር አይደለም፤ እንደ ስፒነር መዞር ከጀመረ ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

ሦስተኛው፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የትንሽ ዓሣ አምሳያ ነው። የራፓላ ካውንትዳውን የሚባለው በ3 እና በ5 ሴንቲሜትር መጠኑ ለትራውት የተመቸ ሲሆን፣ በየሰከንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይሰምጣል። ይህ የታወቀ የመስመጥ ፍጥነት ጥልቀትን በቁጥር ለመለካት ያስችላል፤ አጠቃቀሙን ከታች እገልጻለሁ። ብራውን ከሚባለው የትራውት ዝርያ ትልልቆቹን የሚፈልግ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ በዚህ ቢተማመን ይሻለዋል፤ ብራውን እያደገ ሲሄድ ትናንሽ ዓሦችን መብላት ያዘወትራልና። ጂግ የሚባሉትን፣ የእርሳስ ጭንቅላትና የላባ ጅራት ያላቸውን፣ በ1/16 አውንስ ሁለት ቢይዙ በቂ ነው፤ ለብርዱ ወራትና ለጥልቅ ጉድጓድ ይሆናሉ።

የወንዙ አጠቃቀም ዝርዝር ስለሚጠይቅ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። በቤር ክሪክ ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ያጥምዱ፤ ዓሣው ፊቱን ወደ ላይ ስላዞረ ከበስተኋላው የመጣን ሰው እንደ ፊት ለፊቱ አያየውም። ወደ ውኃው ሲጠጉ ጎንበስ ይበሉ፤ ጥላዎ በውኃው ላይ እንዳያርፍም ይጠንቀቁ። መጀመሪያ የሚወረውሩት እግርዎ ሥር ወዳለው ቅርብ ውኃ ይሁን፤ አብዛኛው ሰው ወደ ወዲያኛው ዳር ለመድረስ ሲል ከፊቱ የተኛውን ዓሣ በክሩ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ስፒነሩን ወደ ላይና ወደ ጎን አቅጣጫ ወርውረው፣ ከውኃው ፍጥነት በጥቂቱ ብቻ በፈጠነ ሁኔታ ክሩን ይጠቅልሉ። የሚበቃዎት ቅጠሏ መሽከርከሯ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቀላል ንዝረት ሲሰማ ነው። ንዝረቱ ከጠፋ ዘግይተዋል ወይም ሣር ይዛለች፤ ንዝረቱ በጣም ከበረታና ማባበያዋ ከላይ ብቅ ካለች ፈጥነዋል። ማባበያዋ ከታች ያለውን ጠጠር አልፎ አልፎ ነካ እያደረገች ብትመጣ ትክክለኛው ጥልቀት ላይ ነዎት፤ ጥቂት ማባበያ በድንጋይ ሥር ማጣትዎ የሚጠበቅ ወጪ ነው።

ማባበያዋ የምታልፍበትን መንገድ አስቀድመው በሐሳብዎ ይሣሉ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ያለውን ጸጥ ያለ ውኃ በቀጥታ ከመምታት ይልቅ፣ ከድንጋዩ በላይ 2 ሜትር ያህል ርቆ ወርውሮ በፈጣኑና በጸጥተኛው ውኃ ድንበር ላይ ማሳለፍ ይሻላል። በሥሩ የተቦረቦረ የወንዝ ዳር ካለ ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርገው ይሳቡ። በአንድ ቦታ ላይ በጥሩ መንገድ ያለፉ ሦስት ወይም አራት ውርወራዎች ምላሽ ካላገኙ ወደ ሚቀጥለው ቦታ ይሂዱ፤ በትንሽ ወንዝ ለማባበያ የሚነሣ ትራውት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ውርወራዎች ይነሣል። ስፑንና የዓሣ አምሳያ ግን በሰፊ ወንዝ ላይ በተቃራኒው መንገድ ይሠራሉ፤ ወደ ጎን ተወርውረው ክሩ ተወጥሮ ሳለ ውኃው ራሱ በግማሽ ክብ እየጠረጋቸው ወደ ታች ይወስዳቸዋል። በዚህ ጊዜ ንክሻው በብዛት የሚመጣው ጥረጋው አልቆ ማባበያው አቅጣጫውን በሚለውጥበት ቅጽበት ነው።

ይህ ወደ ዋናው ጥያቄዎ ይመልሰናል። ተከትሎ የሚመለስ ዓሣ አንድ ዓይነት ፍጥነትና አንድ ዓይነት አቅጣጫ ያለው ነገር እየተከተለ ነው፤ በተፈጥሮ ውስጥ ግን አሳዳጅ የደረሰበት ትንሽ ዓሣ እንደዚያ ተረጋግቶ አይዋኝም። ስለዚህ ዓሣው ከኋላ እንዳለ ሲያዩ፣ ደግሞም ባያዩትም በየውርወራው አንድ ሁለት ጊዜ፣ ለውጥ ይፍጠሩ። ለግማሽ ሰከንድ ያህል ጥቅለላውን ቆም አድርገው ማባበያው እንዲወድቅ ያድርጉ፤ ቀጥሎ ሁለት ፈጣን ዙር ይጠቅልሉ፤ ወይም የዘንጉን ጫፍ ከቀኝ ወደ ግራ አዙረው መንገዱን ያስቀይሩት። ብዙ ሰው ዓሣው ሲከተል ደንግጦ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ትራውቱም የሚሸሽ መስሎት የነበረው ነገር ቀርቦ ሲያየው ይተወዋል። ካመነቱ ማፍጠኑን ይምረጡ።

ሌላው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ማባበያው ወደ ዳር ሲቃረብ ዘንግዎ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ክሩ ማባበያውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲከተል የነበረው ዓሣም ባለቀው ሰዓት ወደ ብርሃኑና ወደ እርስዎ እንዲወጣ ይጠየቃል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው ሜትር ድረስ ይጠቅልሉ፤ ከውኃው ጠርዝም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ። ከሁሉም ለውጦች መካከል ገንዘብ የማይጠይቀውና በእርስዎ ሁኔታ ፈጥኖ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ይህ ነው። ሲነክስም በኃይል አይንጠቁ፤ የትራውት አፍ ስስ ነው፤ ጥቅለላውን ቀጥለው ዘንጉን በመጠኑ ቢያነሡት መንጠቆው ራሱ ይገባል።

በሐይቁ ላይ ትልቁ ጥያቄ ዓሣው በየትኛው ጥልቀት አለ የሚለው ነው። ካውንትዳውኑን ወይም ስፑኑን ወርውረው ክሩ ልል እያለ እንዲሰምጥ ይተውትና ይቁጠሩ። ካውንትዳውን እስከ 10 ከተቆጠረለት 3 ሜትር ያህል ወርዷል። በ5 ይጀምሩ፣ ቀጥሎ በ10፣ ቀጥሎ በ15፤ ማባበያው ታቹን ወይም ሣሩን እስኪነካ ድረስ ይቀጥሉ፤ ከዚያ ከነካበት ቁጥር በሁለት ወይም በሦስት አሳንሰው ያንኑ ይደጋግሙ። ዓሣ ሲይዙ ቁጥሩን ያስታውሱ፤ ቀጣዩም ዓሣ በዚያው ጥልቀት የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። ስፑን ከዚህ ፈጥኖ ስለሚሰምጥ የራሱን ቁጥር ይለዩለት። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ባሉት የጸደይ ሳምንታትና በጥቅምትና ኅዳር ትራውት ወደ ዳር ይቀርባል፤ በሐምሌና ነሐሴ ግን የላዩ ውኃ ስለሚሞቅ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከዳር ሆኖ ለማጥመድ የንጋት ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረው። ነፋስ ወደ እርስዎ የሚነፍስበትን ዳር አይሽሹ፤ ምግቡን ወደዚያ ይገፋዋል፣ ሞገዱም ክሩንና ጥላዎን ይሸፍናል። በቅርቡ ከዓሣ ማርቢያ የተለቀቁ፣ 25 ሴንቲሜትር ያህል የሚሆኑ ሬይንቦው የሚባለው ዝርያ ትራውት ካሉ ደግሞ በተለቀቁበት አካባቢ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ትንሽ ብሩህ ስፒነርም አይምሩም።

ስለ ቀለም አሁን አጭር መልስ ልስጥ። ውኃው ጥርት ብሎ ፀሐይ ሲወጣ ብርማና የመዳብ ቀለም፣ ሰማዩ ሲደመን ወይም ውኃው በጥቂቱ ሲደፈርስ ወርቃማ፣ በንጋትና በምሽት ጥቁር። ጥቁር በደብዛዛ ብርሃን ከታች ሲታይ ቅርጹ ጎልቶ ይወጣል፤ ቀይ ግን በውኃ ውስጥ ከቀለማት ሁሉ ቀድሞ ስለሚጠፋ በጥልቅ ቦታ ጥቅሙ ያንሳል። በግንቦትና በሰኔ የተራሮቹ በረዶ ቀልጦ ወንዞቹ ሲሞሉና ሲደፈርሱ መጠኑን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ዳር ዳሩን ብቻ ይሥሩ፤ ዓሣው ከመካከለኛው ጉልበት ሸሽቶ እዚያ ነው ያለው።

ከመውጣትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ደንቦች አሉ። በኮሎራዶ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የዓመቱ ፈቃድ ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ተከታዩ ዓመት ማርች 31 ይሠራል። በመላው ግዛት የሚሠራው መደበኛ መጠን በቀን 4 ትራውት ነው፤ ብዙ ውኃዎች ግን ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የግዛቱ የፓርኮችና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት፣ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ የሚያወጣውን የዓመቱን መመሪያ በየቦታው ስም ይመልከቱ። ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ በሚፈቀድባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በስፒኒ ማውንቴን ማጠራቀሚያ፣ ሽታ የተጨመረበት ማንኛውም ነገር፣ በፋብሪካ የተጨመረም ቢሆን፣ አይፈቀድም። ስለዚህ በሣጥንዎ ውስጥ ሽታ ያላቸው ለስላሳ የፕላስቲክ ትሎች ካሉ ለይተው ቤት ይተዉአቸው።

ዓሣውን ለመልቀቅ የሚያስቡ ከሆነ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆዎቹን በባለ አንድ ጥርስ ይተኩ፤ ጫፉ ላይ ያለችውን የኋሊት እሾህም በጉጠት ይጨፍልቋት። የሚያመልጥዎት ዓሣ ከሚፈሩት በታች ነው፤ መንጠቆውን ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ግን በጣም ያጥራል። ዓሣውን በደረቅ እጅ አይንኩት፣ በሰውነቱ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ሽፋን ከበሽታ የሚጠብቀው ነውና፤ ቢቻል ከውኃ ሳያወጡ ይልቀቁት። ቴርሞሜትር ይያዙና ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ከደረሰ ማጥመዱን ያቁሙ። በሞቀ ውኃ ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያንስ የታገለ ትራውት በሕይወት ዋኝቶ ቢሄድ እንኳ በኋላ ሊሞት ይችላል። በመጸው ደግሞ ብራውን ትራውት እንቁላል የሚጥልበት፣ ከአካባቢው ነጣ ብሎ የሚታይ የጸዳ ጠጠር ሲያዩ አይርገጡት፤ በላዩ ያሉትንም ዓሦች ይተዉአቸው።

ስለ ባሌ ላቀረቡት ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። በባሌ ተራሮች በዌብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች የሚገኙት ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ሬይንቦውና ብራውን ትራውት ናቸው፤ ዝርያቸው በኮሎራዶ ከሚያጠምዷቸው ጋር አንድ ነው። ወንዞቹ ቀዝቃዛና በብዙ ቦታ ጠባብ ስለሆኑ ከቤር ክሪክ ዕቃዎ ውስጥ ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 ስፒነሮችን፣ ባለ 3 ሴንቲሜትሩን የዓሣ አምሳያና 4 ፓውንዱን ክር ይውሰዱ፤ ከባዶቹን ስፑኖች አውሮራ ይተዉ። እዚያ የጠፋ ማባበያን የሚተካ ሱቅ በቅርብ አያገኙምና ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ከመንጠቆና ከስዊቭል ደግሞ ትርፍ ይያዙ። በፓርኩ ክልል ውስጥ ለማጥመድ ካሰቡ አስቀድመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትን ስለ ፈቃዱ ይጠይቁ። በኮሎራዶ ውኃ ውስጥ የቆሙበትን ቦት ጫማ ደግሞ ከመጓዝዎ በፊት በደንብ አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፤ በጭቃ ውስጥ የሚጓዙ ቀንድ አውጣዎችና የዓሣ በሽታዎች ወደ አዲስ ወንዝ የሚገቡት በዚህ መንገድ ነው።